ምሳ የተከለከለው መስታወት

ሥራ የጀመርኩት አሰበ ተፈሪ ነው። ቱንቢና ውሃ ልክ ይዤ በጠዋት ደረስኩ። ፎርማናችን አቶ ተሰማ ሁለቱንም ከእጄ ተቀበሉና አንድ አሮጌ መጋዘን ግድግዳ ፊት አቆሙኝ።

«አንኳኳ» አሉኝ።

«ውስጥ ማን አለ?»

«ግድግዳውን ነው የምልህ፣ አንተ! ድፍን ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ ክፍት ከሆነ ይጮኻል። በጆሮህ ሳትለይ መዶሻ አታነሣም።»

እስከ ምሳ ሰዓት ሳንኳኳ ዋልኩ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ «ባለቤቶቹ የሉም እንዴ?» ይለኛል፤ ሠራተኛው በሳቅ ይፈርሳል። ሰውዬው አብደዋል ብዬ በልቤ ሰድቤአቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለየብኝ። ልስኑን በመሮ ስናነሣው ከኋላው የተደፈነ መስኮት ወጣ። ደስ አለኝ፣ እንደ ልጅ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት በእንግድነት ስገባ እንኳ እጄ አያርፍም፤ ባለቤቴ ስንት ጊዜ በክርኗ ጎሽማኛለች።

ረዳት ግንበኛ ሆኜ ጀምሬ ግንበኛ ሆንኩ፣ ኋላም የቡድን መሪ። ከመቻራ እስከ ሒርና ያልለሰንኩት የመንግሥት ቤት ጥቂት ነው። ከሁሉም የምወደው ግን የገለምሶውን ቤት ነው።

ድሮ አንድ ነጋዴ ያሠራው ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር። ቤቶች ሲወረሱ የመንግሥት ሆነና እህል ሲከማችበት ቆየ። ከኛ በፊት የመጡ ሠራተኞች አሳመርን ብለው ከላይ እስከ ታች ሲሚንቶ ቀብተውት ነበር። ጭቃ ግን መተንፈስ ይፈልጋል። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ሲሚንቶውን እየገፋ ይልጠዋል፣ ክፍሎቹም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ።

እኛ ስንደርስ የከተማው ጤና ጣቢያ በዚህ ቤት ነበር። የክትባት መድኃኒት በበረዶ ሣጥን ከአሰበ ተፈሪ በመኪና ይመጣል። መኪናው ከዘገየ በረዶው ይቀልጣል፣ ሕፃን አዝለው ከገጠር የመጡት እናቶች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ጄነሬተር አለ፤ ናፍጣ የለም። ነርሷ ሲስተር አስቴር «እነዚህን እናቶች ተመለሱ የምል እኔ ነኝ። አፌ ዝሏል» ትለን ነበር።

በዚህ መሃል ከአዲስ አበባ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፍሪጅ ተላከ። የአውራጃው የሕንፃ ኃላፊ ግን ቤቱን አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ ቆርጠው ነበር። አቶ ተሰማ ተከራከሯቸው።

«ጓድ፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ ቀን ምድጃ ነው። ከፍሪጁ ጋር የመጣው ባትሪ ትንሽ ነው፤ በምድጃ ውስጥ ፍሪጅ አያቀዘቅዝም። ይህ ግድግዳ ግን ራሱ ቀዝቃዛ ነው። እናድሰውና ይሞከር።»

«መልካም» አሉ ኃላፊው። «ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ከያዘ ቤቱ ይቆያል። ካልያዘ ፍሪጁን ወደ አሰበ ተፈሪ እወስዳለሁ፣ ቤቱንም አፈርሳለሁ። ራሴ መጥቼ አያለሁ።»

ሲስተር አስቴር ይህን ስትሰማ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ግድግዳውን አየሁት።

ሲሚንቶውን በመሮ ቀስ እያልን ገፈፍነው፤ በምትኩ ኖራና አሸዋ ለሰንን። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ በጭቃ ለውሰን ደለደልን፣ የቆርቆሮው ትኩሳት እንዳይወርድ። ለፍሪጁ የተመረጠው በሰሜን በኩል ያለው የምድር ቤት ክፍል ነው። እንደ ልማዴ ሳንኳኳ ከወለሉ አጠገብ አንድ ቦታ ጮኸ፤ በትይዩው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ሌላ ቦታ ጮኸ።

«እሱማ የንፋሱ በር ነው» አሉኝ አዴ ፋጡማ።

አዴ ፋጡማ፣ አዴ በአገሩ አጠራር እማማ እንደ ማለት ነው፣ የጤና ጣቢያው ጥበቃ ናቸው። በወጣትነታቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ለነጋዴው ጫት ሲያስሩ ኖረዋል። «በታች ይገባል፣ በላይ ይወጣል። ጫቱ አይጠወልግም፣ እኛም አይሞቀን። የእህል ሰዎች መጥተው ደፈኑት፣ አይጥ ይገባል ብለው።»

ሁለቱንም ቀዳዳ ከፈትንና የአይጥ መከላከያ ወንፊት ገጠምንባቸው። ነፋሱ ሽው ብሎ ሲገባ አዴ ፋጡማ ሻሻቸውን አስተካክለው «ያ ረቢ፣ ልጅ ሆንኩ!» አሉ።

ከፍሪጁ ጋር የመጣው ቴክኒሺያን ፀሐይ የሚቀበሉትን ሰሌዳዎች በበረንዳው ቆርቆሮ ላይ አሰረ፤ ከሰገነቱ እጅ ይደርስባቸዋል። የከተማው ሰው ወዲያው «መስታወት» አላቸው። ቴክኒሺያኑ ሲሄድ ለአዴ ፋጡማ «አደራ እናቴ፣ ይህ ውድ ዕቃ ነው። እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት» አላቸው።

«አብሽር» አሉት፣ ደረታቸውን መትተው።

ለሙከራ በፍሪጁ ውስጥ የውሃ ጠርሙሶች ደረደርን። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ሠራ። ከዚያ ግን የባትሪው ቀይ መብራት ይበራ ጀመር፣ ቴርሞሜትሩም ከቀን ወደ ቀን ሽቅብ ወጣ። ጠዋት ወጥቼ ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። አቶ ተሰማ ኮርኒሴን ተጠራጠሩ፤ እኔ ባትሪውን። ተኮራረፍን ማለት ይቻላል። ኃላፊው በማግሥቱ እንደሚመጡ መልእክት ሲደርሰን ሲስተር አስቴር እህል አልቀመሰችም። እኔም ፈራሁ፤ የዚያን ቤት መፍረስ ማየት አልፈልግም ነበር።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ሽቦውን ደግሜ ለማየት ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። ሰሌዳዎቹ የሉም! የተሰረቁ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ በውሃ የተነከረ ጆንያ ለብሰው፣ በላዩም የኮባ ቅጠል ተደርቦባቸው፣ ተኝተዋል።

«አዴ ፋጡማ! ይህን ማን ሸፈነው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ከታች፣ በኩራት። «አቦ፣ ይሄ ፀሐይ ሊገድለው ነው! ጠዋት እተወዋለሁ፣ ለስላሳ ነው። ሲከር እሸፍነዋለሁ። ጫት እንኳ በዚህ ሰዓት ይሸፈን የለ? አደራ ብሎኛል ሰውዬው።»

የሰገነቱን እንጨት ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በዚህ አገር ውድ ነገር ሁሉ ከፀሐይ ይሸሸጋል። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ይህንኑ ነው።

«አዴ፣ ይህ መስታወት እኮ የሚበላው ፀሐይ ነው።»

አዴ ፋጡማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ፀሐይ ነው የሚበላ? ወላሂ፣ እኔ ስንት ቀን ምሳውን ከለከልኩት!»

አቶ ተሰማ ሲሰሙ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኩርፊያችንም እዚያው ቀረ።

ግን ጭንቁ አልቀረም። ባትሪው ጠግቦ እስኪጠነክር ጊዜ ይፈልጋል፤ ኃላፊው ደግሞ ነገ ይመጣሉ። ፍሪጁ እንዳይደክም ክፍሉን የባሰ ማቀዝቀዝ ነበረብን። ከሰሌዳዎቹ ላይ የገፈፍኩት፣ አዴ ፋጡማ የነከሩት ጆንያ አሁንም በእጄ ነው፤ ውሃው ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ነፋስ ሲነካው ይበርደኛል። ወርጄ ከወለሉ አጠገብ ባለው የንፋስ ቀዳዳ ላይ ሰቀልኩት። አዴ ፋጡማ ገብቷቸው ሁለተኛ ጆንያ ነክረው አመጡ። «ይኸው፣ ድሮም በጋ ሲከብድ እንዲህ እናደርግ ነበር» አሉ። መስታወቱ ፀሐዩን አገኘ፣ ጆንያውም ነፋሱን።

ኃላፊው በማግሥቱ በቀትር መጡ፣ ፊታቸው በላብ ተጠምቆ። ከውጭው ሐሩር ወደ ክፍሉ ሲገቡ ደፉ ላይ ቆም አሉ። ቆባቸውን አወለቁ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሲስተር አስቴር ፍሪጁን ከፈተችና ቴርሞሜትሩን አሳየቻቸው። ከተፈቀደው መስመር በታች ነበር፣ በጥቂትም ቢሆን።

ኃላፊው ወንበር ጠየቁ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። መኪናቸው ውጭ ጥሩምባ ቢነፋም አልተነሡም።

«ምን ወሰኑ ጓድ?» አሉ አቶ ተሰማ በመጨረሻ።

«ምን እወስናለሁ! ቤቱ ይቆያል። የኔን ቢሮ መቼ ታድሱልኛላችሁ?»

ሲስተር አስቴር አዴ ፋጡማን አቅፋ አለቀሰች። እኔ መቼም ሲደሰቱ ማልቀስ አይሆንልኝም፤ ግድግዳውን አንኳኳሁት።

የመጀመሪያው የክትባት ቀን በረንዳው በሕፃናት ጩኸት ተናጋ። ያንን የመሰለ ደስ የሚል ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ባዶ እጇን የተመለሰች እናት አልነበረችም። አዴ ፋጡማ በየቀትሩ ወደ ሰገነቱ ወጥተው ሰሌዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይወለውሉና ወደ ታች ይጣራሉ፦ «መስታወቱ ምሳውን እየበላ ነው!» ገለምሶ ላይ ቀትር የሚታወቀው በዚያ ጥሪ ሆነ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። አሮጌ ቤት ስታድሱ መጀመሪያ አንኳኩ። ለሰው ዕቃ ሰጥታችሁ «ጠብቅ» ስትሉ ደግሞ ከምን እንደሚጠብቀው ንገሩት።