ለባሌት ሙሽራ የፈሰሰ እንባ

እኔ ሰው ሲያለቅስ አይቼ የምናደድ ሴት አይደለሁም። መሸንቲ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ከገባሁ ሟቹን ባላውቀውም አልቅሼ ነው የምወጣው። ያን እሑድ ግን አማቴ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ለአንዲት የፈረንጅ ጨፋሪ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ሳይ ደሜ ፈላ።

አማቴ ከሐይቁ ማዶ ባለ ደብር አቋቋም የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም ከተዳርሁ ጀምሮ የኔታ እንዳልኋቸው ነኝ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ኖሮ ባሕር ዳር መጥተው ተገፈፈላቸውና እስኪሽርላቸው ድረስ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ማየት ናፍቋቸው ስለ ነበር ያገኙትን ሁሉ ያያሉ። መንገዱን ያያሉ፣ ባጃጁን ያያሉ፣ የጎረቤትን አጥር ያያሉ፣ እሱ ሲሰለቻቸው ቴሌቪዥኑን ክፈቱልኝ ይላሉ።

እኔ ደግሞ መምጣታቸውን የጠበቅሁት ለሌላ ነገር ነው። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምታስተምር አንዲት ልጅ አለችን። ባለፈው ዓመት አብሯት የሚያስተምር ልጅ ሽማግሌ ላከ። ጨዋ ነው፣ አንገቱን የደፋ ነው፤ ወላጆቹ የቆላ ድባ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ መቼም ወጉ ነውና ዘር ይቆጠር ተባለ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። ቆጣሪው ማን ይሆናል፣ የኔታ ናቸዋ። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የማን ቅድመ አያት ከማን እንደ ተወለደ እሳቸውን ሳይጠይቅ ልጁን የሚድር የለም። ቆጠሩ፣ ቆጠሩና ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ በልጁ ወገን ያለች አንዲት ሴት ከእኛ ቤት የተወለደች ናት ብለው ሁለቱን ልጆች አገናኟቸው። በቃ፣ ወንድምና እኅት ናችሁ ተባለ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

የልጁ ዘመዶች ግን እሽ ብለው አልተቀመጡም። የቆላ ድባን አዛውንት ሁሉ ሲጠይቁ ከረሙና አንድ ነገር አገኙ። ያቺ ሴት ከእኛ ቤት አልተወለደችም። በክፉ ቀን ወላጆቿ አልቀውባት የእኛ ሰዎች በማደጎ ያሳደጓት ናት፤ ከዘሩ ጠብታ ደም የላትም። ይህን ይዘው ሽማግሌዎቹ ሐይቁን ዞረው የኔታ ደብር ድረስ ሄዱ። የኔታ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ማደጎም ልጅ ነው። አንዴ የቆጠርሁትን አልሽርም።"

መጽሐፍ ገልጠው አላዩ፣ ሰው አላማከሩ። የኔታ ቆጠራ ሳቱ እንዳይባል ነው እንጂ ሌላ ምን ነገር አለው! የልጁ ቤተሰብ አሁንም እሳቸው ቃላቸውን ካነሡ እንመለሳለን ብሎ ልኮብኛል። እኔም ደኅና ሰዓት አግኝቼ ላነሣባቸው ሳምንቱን ሙሉ ሳደባ ነበር። ባለቤቴማ አባቱ ፊት አፉ አይከፈትም፤ እሱን ተዉት።

እንግዲህ በዚያ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጄ ፍላሽ ይዛ ወጣችና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ውጭ ተምሮ የመጣ ሰው የሰጣት ነው፤ መድረክ ላይ ሲጫወቱት የተቀረጸ ባሌት።

"ምን ይላሉ እነዚህ?" አሉ የኔታ።

"ምንም አይሉም የኔታ። ያለ ቃል ነው፣ በእግራቸው ነው የሚናገሩት።"

"እሽ፣ እንይላቸዋ።"

መጀመሪያ የወጣችው ልጅ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ነው። ባለቤቴ ወዲያው ስልኩ ላይ አቀረቀረ። እኔ የኔታ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው እግሯን አተኩረው ያያሉ። ዕድሜ ልካቸውን ዝማሜና ወረብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እግር መሬት ሲነካ ከዜማው ቀደመ ወይስ ዘገየ፣ እሱ ነው ጭንቃቸው።

"ይህች ተምራለች" አሉ። "መምህሯ ገርፎ ነው ያስተማራት።"

ታሪኩን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። ልጅቱ የጠላ ቤት ቢጤ ያለው ሰው ልጅ ናት። አንድ ከበሮ መቺ ድኻ ትወዳለች፤ ይወዳታል። እጇን ይዞ ያነሣታል፣ እሷም እንደ ጥጥ ትነሣለታለች። ከዚያ ትልቅ ባርኔጣ ያጠለቀ ጌታ ይመጣል፣ አባቷ ገና ሲያየው ወገቡ ይሰበራል። ከበሮ መቺው በሩን ይዞ ቢለምን፣ ልጅቱ የአባቷ እግር ላይ ብትወድቅ፣ አባት ፊቱን አዞረ። የሠርግ ልብስ አመጡላት። እያለበሷት ታለቅሳለች፤ ያዩዋት ሁሉ ዙሪያዋን እየዞሩ ይጨፍራሉ። ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ ብለው ይሆናላ።

ልክ አባትየው እጇን ይዞ ለባለ ባርኔጣው ሊያስረክብ ሲል መብራት ሄደ።

የኔታ ተቆጡ። "አሁን ምን ዓይነት ጊዜ ነው የሚያጠፉት? ከዚያስ ምን ትሆናለች?"

"ትሞታለች" አለች ልጄ፣ አጠር አድርጋ።

"ምን ሆና?"

"አልጠየቋትማ የኔታ።"

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። የአምናውን ነገርም አላነሣች። ካለፈው ዓመት ጀምራ እንደዚሁ ናት፤ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ስለዚያ ልጅ ግን ቃል ወጥቷት አያውቅም። ጨዋ አሳደግሁ እያልሁ እኮራባት ነበር። አሁን ይነሣ ብዬ አፌን ስከፍት ባለቤቴ በዓይኑ ከለከለኝ። መብራቱ እስኪመለስ አራታችንም ጥቁሩን ቴሌቪዥን ስናይ ተቀመጥን።

ሲመለስ ልጄ ወደ ፊት አሳለፈችው፤ ሠርጉ አልቆ በረዶ ይወርዳል። ሙሽራይቱ አምልጣ ወጥታለች፤ በነጭ ልብሷ፣ ባዶ እግሯን፣ ከበሮ መቺውን ትፈልጋለች። እሱ ያን አገር ትቶ ሄዷል። ሩጫዋ እየቀነሰ፣ እጇ እየከበደ መጥቶ ተቀመጠች፣ ከዚያ ተጋደመች፣ በረዶው ላይዋ ላይ ይወርዳል። ይሄኔ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አባት። ካፖርት ይዞላት መጣ። አለበሳት፣ አነሣት፣ ታቅፏት መድረኩን ሲዞር ሙዚቃው ሁሉ ለእሱ ያለቅስለታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። እሷ ቆማ ስትለምነው ፊቱን ያዞረ ሰው፣ ደርቃ ስትቀር ካፖርት! ቲያትር ቤቱ ሞልቶ የተቀመጠው ሕዝብም ተነሥቶ ያጨበጭብለታል። ልጁን ገድሎ አበባ የሚወረወርለት ሰው የት አገር ነው ያለው?

ዞር ስል የኔታ ያለቅሳሉ።

"ዓይንዎ የኔታ፣ ሐኪሙ እንዳያሻሹ ብሏል" አለች ልጄ።

"ምስኪን አባት" አሉ የኔታ። "እንዴት ያለ ሸክም ተሸከመ።"

ከዚህ በኋላ ባለቤቴ በዓይኑ አይደለም በዱላ ቢከለክለኝ አልመለስም ነበር። "የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልሁ። "ሸክሙ የማን ነው? እሱ ነው የገደላት። እግሩ ላይ ወድቃለት ነበር፣ አይተዋታል። ይህን ሰው የሚመክረው ጠፍቶ ነው እንበል። እርስዎን ግን የመከረዎት አልጠፋም። ሽማግሌ ከቆላ ድባ ድረስ መጥቶ ሴትዮዋ ማደጎ ናት ብሎ ለምኖዎታል፤ እርስዎም ፊትዎን አዙረዋል። ለፈረንጅ ልጅ እንባ ካለዎት ለዚችስ ምነው ጠፋ?"

ምራት ለአማቷ፣ ያውም ለሊቅ፣ እንዲህ አትናገርም። ተናገርሁ። ባለቤቴ ከሶፋው ተነሣና የሚሄድበት ሲያጣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሞተችው ልጅ ተነሥታ፣ የአባትየውን እጅ ይዛ እጅ ትነሣለች፤ ሁለቱም ይሥቃሉ። የኔታ እሱን ሲያዩ ቆዩና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡት።

"ይምጡ በሏቸው" አሉ። "የማደጎዋ ነገር እኔንም ሲከነክነኝ ነው የከረመ። ቆጠራው ተነሥቷል፤ ይምጡና ይጨርሱ።"

እልል ልል ነበር። እጄ ስልኬ ላይ ነው፤ የልጁን እናት ልደውልላት፣ የፊታችን እሑድ ይሁን ልል፣ ድግሱን ሁሉ በሐሳቤ ጨርሻለሁ። ልጄ ግን ተነሥታ ፍላሿን ነቀለች።

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ሽማግሌዎቹ ናቸዋ" አልሁ። "አልሰማሽም እንዴ? የኔታ እሽ አሉልሽ።"

"ሰማሁ። ስትከለክሉኝ አልጠየቃችሁኝም። አሁንም ስትድሩኝ አልጠየቃችሁኝም።"

በእሷ ቤት ማንም አላሰበላትም፤ እኔ ለማን ብዬ ነው አማቴን የተዳፈርሁት? ይህንኑ ልናገር ስል የኔታ በእጃቸው ከለከሉኝ። ወደ እሷ ዞሩና፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት ሳይሆን ለትልቅ ሰው እንደሚናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እውነትሽን ነው ልጄ። ይኸው ጠየቅሁሽ። ትፈቅጃለሽ?" አሏት።

ልጄ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። "መልካም" አለች። "ተመካክረን፣ ቀን ቆርጠን እናስታውቃችኋለን።"

ይህ ቃል የእኛ ነው። የሰው ሽማግሌ ልጃችሁን ስጡን ብሎ ሲመጣ፣ ሴት ወገን ሆነን የተቀመጥን ሰዎች ኮራ ብለን የምንሸኝበት ቃል ነው። ልጅ ለእናቷና ለአያቷ ስትለው ግን ሰምቼ አላውቅም።

"ከማን ጋራ ነው የምትመካከሪው?" አልኋት።

"ከእሱ ጋራ ነዋ" አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ፔዳ ሄደች።

የኔታ በማግሥቱ በጀልባ ሊመለሱ ነበር፤ አልሄዱም። ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ ይላሉ፤ ቀጠሮ የላቸውም። ማታ ማታ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ እሷ ጤና ይስጥልኝ ብላን ወደ ክፍሏ ትገባለች። እኔ ወልጄ፣ አጥብቼ፣ አስተምሬ፣ ይኸውና በገዛ ቤቴ ከአማቴ ጋራ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ደጅ እጠናለሁ። ያናድዳል እኮ።