በሩን የያዘው ኪዩብ

የቤተ ሙከራችን በር ጠላቴ ነው። ከለቡ መብራት ኃይል በኩል ንፋስ በተነሳ ቁጥር ድርግም ይላል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንደ ፌንጣ እዘላለሁ። መላው ቀላል ነው፦ ተማሪዎች የሠሩትን የኮንክሪት ኪዩብ ማሽን ውስጥ ጨምቀን ጥንካሬውን ከለካን በኋላ፣ የተረፈውን ስብርባሪ በሩ ሥር ማስደገፍ። ቴክኒሻን የሆነ ሁሉ ይህን ያደርጋል። እኔማ ምሳዬንም እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የምበላው።

ያን ቀን ጠዋት አንዲት ተመራቂ ተማሪ ከጀሞ ታክሲ ተጋፍታ፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ገባች። ከአጎቷ አውድማ ያመጣችውን የጤፍ ጭድ አቃጥላ፣ አመዱን ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅላ ሦስት ኪዩብ ሠርታለች። ገንዳ ውስጥ ውሃ ሲጠጡ ከርመው የሚጨመቁበት ቀን ደርሷል። በማግስቱ ፈታኞች ፊት ትቀርባለች። አማካሪዋ ግን "የሦስቱ አማካይ ከተፈለገው ካነሰ፣ ዘንድሮ መቅረብሽን እንጃ" ብሏታል።

የመጀመሪያውን ጨመቅን። የማሽኑ መርፌ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ኪዩቡ ጧ አለ። ለጥቂት ጎደለ። ሁለተኛውም ያው።

"ሦስተኛው ይክሰናል" አልኳት፤ የምጨመቀው እኔ ይመስል በላብ ተጠምቄ።

እጇን ገንዳው ውስጥ ሰደደች። ዳበሰች። እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ራሰ።

"አባባ፣ የለም።"

"እንዴት ይጠፋል? እግር አወጣ?"

ጠረጴዛ ሥር ፈለግን፤ የአሸዋውን ሳጥን ገለበጥን። እኔ ሌባውን እየረገምኩ፣ ጥበቃውን እየጠረጠርኩ፣ ለዘር ማንዘራቸው ሳይቀር ቅጣት እያዘዝኩ ነው። እሷ በሩን ታያለች።

"አባባ… እዚያ በሩ ሥር፣ እግርዎ አጠገብ ያለው ምንድን ነው?"

ጎንበስ አልኩ። አንድም ጫፉ ያልተሸረፈ ኪዩብ፣ ጎኑ ላይ በሚስማር የጫረችውን ምልክት ይዞ፣ በሩን ደግፎ ቆሟል። ትናንት ገንዳውን ሳጥብ ኪዩቦቹን ዳር አውጥቼ ነበር፤ በሩ ሲላተም ደንግጬ እጄ የገባውን አንስቼ በሩን አስደግፌበታለሁ። ሌባው ተገኘ፤ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነው።

"ልጄ…" አልኩ።

"እንጨምቀው" አለች።

መርፌው ሁለቱ የቆሙበት ጋ ደረሰ። አለፈው። ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ጧ! የሁለቱን ጉድለት የሚሞላ ውጤት ነው፤ አማካዩ ሞልቶ ይተርፋል።

"አለፍሽ!" ብዬ ልጨፍር ስል ጉልበቴ ከለከለኝ። "አየሽ፣ በር መጠበቅ ያጠነክራል!"

አልሳቀችም። "ደርቋል እኮ። ደረቅ ኮንክሪት ሲጨመቅ ከእርጥቡ በልጦ ይታያል። እርስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩን?"

እኔ ነኝ። የተናገርኩትን የምረሳው ሲመቸኝ ነው።

"ታዲያ ማን ያያል?"

"ነገ 'ይህ ብቻውን ለምን በለጠ?' ቢሉኝ ምን ልበል? እርስዎን ልጥራ?"

ይህን እያለች አማካሪዋ ደረሰ። ንፋሱም አብሮት። በሩ ሊላተም ሲል እግሬን ሰደድኩ፤ ያለ ኪዩብ ቀረሁ፣ እኔው ኪዩብ ሆንኩ።

"እሺ፣ ሞላ?" አለ።

አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ። "አልሞላም። ሁለቱ ጎድለዋል። ሦስተኛው ከገንዳ ወጥቶ ደርቋል፤ ልቆጥረው አልችልም።"

"ለምን ወጣ?"

አየችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ "በር አስያዝኩት።"

ሰውዬው ስብርባሪውን በጣቱ አገላበጠ። በሩ እግሬን ይገፋል። ለብስራተ ገብርኤል ስለት ተሳልኩ።

"ሁለቱ ለምን ጎደሉ?" አላት።

"አመዱ ውሃ ይጠጣል። እንዲላቆጥ ብዬ ውሃ ስጨምር ጥንካሬው ወረደ። አመዱን መቀነስ ነበረብኝ።"

"ምክንያቱን ካወቅሽ ነገ ቅረቢ፤ ይህንኑ ንገሪያቸው። በር የያዘውንም እንዳትደብቂ።" ወደኔ ዞረ። "ጋሼ፣ እርስዎ ግን ከገንዳው ይራቁ።"

ሲወጣ ልጅቷ መሬቱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ትስቅ ታለቅስ አልለየሁም። ቆይታ ተነሳችና ከሦስተኛው ኪዩብ ትልቁን ስባሪ መርጣ፣ እግሬን ገፋ አድርጋ በሩ ሥር አስቀመጠችው።

"ይኸው አባባ" አለች፤ "አሁን የእርስዎ ነው።"