የአክስቴ የሳይሚ የክት ቀሚስ

አክስቴ ሳይሚ በፊንላንድ ገጠር ዳንቴል እያዞረች የምትሸጥ፣ ሌላው ሰው «ጂፕሲ» እያለ ከሚንቀን ከእኛ ከሮማ ሕዝብ የተወለደች ሴት ነበረች። አንድ በጋ ፊልም ሠሪዎች መጥተው፣ ፈረስ የምትሰርቀውን ጂፕሲ ለምትጫወተው ተዋናይ የክት ቀሚሷን እንድታውሳቸው ለመኗት።

«እኔው ራሴ ብጫወተውስ?» አለቻቸው።

«አንቺማ ጂፕሲ አትመስዪም!» ብለው ሳቁባት። ከሄልሲንኪ ያመጧትን ተዋናይ ግን ፊቷን ጥላሸት ቀቧት።

በእኛ ደንብ ሌላ ሴት የለበሰችውን ቀሚስ መልሶ መልበስ ነውር ነው። ሳይሚ ይህን እያወቀች፣ «እንግዲያው ቀሚሴ እንኳ ይታይ» ብላ ሰጠቻቸው።

በመከር ፊልሙ ከተማ ሲገባ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ ልታየው ሄደች። ትኬት ቆራጩ ገና ከሩቅ ሲያያት፣ «ዞር በይ! ጂፕሲ አናስገባም!» ብሎ ጮኸባት።

ወይ ጉድ! እሱስ እሷን ለመለየት ጥላሸት አላስፈለገውም።