«ለእናትሽ ንገሪያት»

ባለፈው ሐምሌ ከጎብዬ ወደ ቆቦ ስመለስ ሚኒባሷ መንገድ ላይ ቆማ አንድ ሰውዬ ከነፍየሉ ጫነች፤ ፍየሉ ዝናብ ጠግቦ ስለነበር ሽታው ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ሾፌሩ ጋ ደረሰ። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያጉረመርም እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ ሳብኩት፤ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ጤንነቴን ተጠራጥራ መሰለኝ ፈቀቅ አለች። ምን ታድርግ፣ ለእሷ የረጠበ ፍየል ነው፤ ለእኔ ግን ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ያሳለፍኩት ክረምት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በበጋው ነበር። እናቴ ለፋሲካ ያጠበችውን ነጠላ አጥር ላይ አስጥታ ዞር ስትል፣ የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ፍየል መጥታ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር ቆርጥማ በላችው። እናቴ «ፍየል አይታሰርም ወይ?» ብላ ጮኸች፤ እትዬ ዘሀራ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «ነጠላስ የፍየል አፍ ላይ ይሰጣል ወይ?» አለች። አለቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ተኳረፉ፤ እኔና ልጇ ሰዓዳም መጫወት ተከለከልንና በየበራችን ተቀምጠን እየተያየን መዋል ሆነ ሥራችን። ሰዓዳ ማለት ነፍሴ ነበረች፤ የእሷ የፊት ጥርስ ሲነቀል «የእኔስ ለምን አይነቀልም?» ብዬ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ይባስ ብሎ እትዬ ዘሀራ «ክረምቱ ይውጣ እንጂ ሮቢት ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ወላሂ ከዚች ሴት ጎን አልኖርም» ማለት ጀመረች፤ እናቴም ከአጥሩ ወዲህ ሆና ለዶሮዎቿ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት» ትል ነበር። ሮቢት ቅርብ መሆኗን ማን ነግሮኝ! ስሟ በተነሣ ቁጥር ሰዓዳ ከዓለም ልትወጣ ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ገባ። የእኛ አገር የቆቦ ዝናብ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ነው። ገበሬው ጠልፎ ማሽላው ላይ ሲለቀው በረከት ይሆናል፣ የእኛን ሰፈር ሲያገኘው ግን ድስትና በርጩማ እያንሳፈፈ ይወስድ ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ እንደገባ ቤቶቻችን በጭቃ ተሞሉና፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ምስጋናው አዳራሹን ከፍተው «ልጅ ያለው ሁሉ ይግባ፤ ቤታችሁ እስኪደርቅ እዚህ ክረሙ» አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን፣ ፍራሹንና ዶሮውን እያቀፈ ገባ። እትዬ ዘሀራ ዝናብ የጠገበችውን ያችን ፍየል እየጎተተች ስትደርስ እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ «ይቺም?» አለች። እትዬ ዘሀራ ደግሞ ለጣሪያው «ይህ አዳራሽ ሲሠራ አባቴ ድንጋይ ተሸክሟል፤ እኔ እዚህ እንግዳ አይደለሁም» ብላ የቀረውን አንድ ቦታ ያዘች፣ ከእናቴ ፍራሽ አጠገብ።

ቀን ቀን ትልልቆቹ ጭቃ ሊዝቁና ማሽላ ሊያርሙ ስለሚወጡ፣ ሁለት ሁለት እናቶች በየተራ እየቀሩ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንዲጠብቁና በአንድ ድስት ምሳ እንዲሠሩ ቄሱ አዘዙ። ፍልሰታ ነበር፤ ሥጋ የለም፣ ሥጋ ከሌለ ደግሞ የክርስቲያን ድስት የሙስሊም ድስት የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ ሽሮ ሁላችንንም ያበላ ነበር። የእናቴ ተራ ሲደርስ አብራት የቀረችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እትዬ ዘሀራ። እናቴ ቅር ብሏት ቄሱን ብትጠይቃቸው «ተራው ነው ያገናኛችሁ፣ እኔ ምን ላድርግ ልጄ» አሉ፣ ጢማቸውን እያሻሹ።

እኔና ሰዓዳ የእናቶቻችን አፍ ሆንን። እናቴ «ሰዓዳ፣ ለእናትሽ ንገሪያት፤ ሽንኩርቱ ይድቀቅ» ትላለች፤ ሰዓዳ ክንድ በማይሞላ ርቀት ወደተቀመጠችው እናቷ ዞራ «እማ፣ ይድቀቅ» ትላለች። እትዬ ዘሀራ በተራዋ እኔን ጠርታ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ሽንኩርት መክተፍ ከእሷ አልማርም» ትላለች። እኛማ ምን ገዶን! በይፋ ተፈቅዶልን ጎን ለጎን ስለተቀመጥን፣ ሽንኩርቱን አስታከን የራሳችንን ወሬ እናስገባ ነበር።

ይህን ሁሉ በር ላይ ቆመው ያዩት ቄስ ምስጋናው «ልጆች፣ ሁላችሁም ዋርካው ሥር!» ብለው ተጣሩ። ለሁላችንም ቁጥርና ተረት ያስተምሩን ነበር። እናቴ ደንግጣ «አባቴ፣ እነዚህ ሁለቱ እንኳ ይቅሩ፣ ለሥራ ይፈለጋሉ» ብትላቸው «ለምን ሥራ?» አሉ።

ዋርካው ለአዳራሹ ግድግዳ የተጠጋ ስለነበር እኔ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ፤ ዓይኔ ቄሱ ላይ፣ ጆሮዬ አዳራሹ ውስጥ። ለብዙ ጊዜ የማማሰያ ድምፅ ብቻ ነበር። እናቴ፣ ኋላ እንደተረከችልን፣ የአንዲት ጎረቤት ሕፃን ታጥብ ነበርና እጇ በሳሙና እንደተለወሰ ሽሮው ሲገነፍል አየች። «ሰዓዳ! ለእናትሽ...» አለች፤ ሰዓዳ የለችም። ሽሮው የድስቱን አፍ አለፈ።

«ኧረ ዘሀራ፣ አውርጂው! ልጆቹ ጦማቸውን ሊውሉ ነው!»

እትዬ ዘሀራ ብድግ ብላ ድስቱን በባዶ እጇ ያዘችና «ወይኔ እጄን!» አለች። እናቴ ሕፃኑን ፍራሽ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች፣ የእትዬ ዘሀራንም እጅ ይዛ የሳሙናው ውሃ ውስጥ ነከረችው።

«በማርያም፣ ምን ሆነሽ ነው በባዶ እጅሽ የምትነኪው?»

«ደንግጬ ነዋ! ከፋሲካ ወዲህ ስሜን ስትጠሪ ሰምቼ አላውቅም።»

እናቴ «እኔም እኮ ከዶሮ ጋር ሳወራ ከረምኩ» አለች፤ ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ሳሙናው ያልወረደለት ሕፃንም አብሯቸው አለቀሰ። ሽሮውን ያስታወሰው ሰው ስላልነበረ አሮ ደረሰን፤ እኛም በደስታ በላነው።

መስከረም ሲጠባ ቤቱ ሁሉ ደረቀ። የእትዬ ዘሀራ ወንድም በበጋ የሰማውን ይዞ ዕቃ ሊጭን ከሮቢት ጋሪ አምጥቶ በራችን ላይ ሲቆም፣ እኔ ሰዓዳን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኳት። እትዬ ዘሀራ ወጥታ «የሮቢትን ሙቀት አልችለውም፣ እዚሁ እኖራለሁ» አለችው። ወንድሟ ቆቦ ላይ ቆሞ ግንባሩ ላይ የሚወርደውን ላብ እየጠረገ አያት። እናቴ ቀበል አድርጋ «እውነቷን ነው፣ ሮቢት ያቃጥላል» አለች። ሰዓዳን ለቀቅኳት፤ ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፣ እዚያው ቆቦ፣ በብሎኬት አጥርና በብረት በር ውስጥ። ጎርፉ ቦይ ተሠርቶለት በሌላ በኩል ይሄዳል፣ ተመስገን ነው፤ አዳራሹም ክረምቱን ተቆልፎ ይከርማል፣ ክፈቱልን የሚል የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼ ሶፋ ላይ ተጋድመው ስልክ ሲነካኩ ይውላሉ። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ሴትም ልጆች እንዳሏት ድምፃቸውን እሰማለሁ። ጎን ለጎን ስንኖር ዓመታት አለፉ፣ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። ስሟንም አላውቅም።