ከባዶው አልጋ በኋላ

ሉሲ ለኢዲዶ ቡና ማድረቂያ ዝናብ ሲመጣ የትኞቹ የቡና ማስጫ አልጋዎች ሸራ እንደሚለብሱ በስልክ የሚናገር ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ሠራች። ባዶ አልጋ ሲያጋጥም «ኮንቲኒው» ብላ ወደሚቀጥለው ማሳለፍ ሲገባት ፍተሻውን ጨርሶ የሚያስቆመውን «ብሬክ» ጻፈች። አንድ በአንድ የሚፈትሸው ዙር ባዶ የነበረው አራተኛው አልጋ ላይ ቆመ፤ ሌሎቹ ስምንቱ ሳይጠሩ ቀሩ። ቡናውን የሚያደርቁት ሴቶች ስልኩን አምነው አላለበሷቸውም፤ ቡናውን ዝናብ መታው።

በማግስቱ ሉሲ አንገቷን ደፍታ እርጥቡን ቡና ስታገላብጥ፣ በለቀማ ያረጁት እትዬ ብርቄ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እኛ ባዶ አልጋ ስናይ አልፈን እንሄዳለን። ያንቺው ማሽን ቤቱ ገባ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ደመናውን እያያችሁ ለምን ዝም አላችሁ?» አለች ሉሲ።

«የተማርሽው አንቺ ነሽ ብለን ነዋ!»

ሉሲ አንዷን ቃል ወዲያው ለወጠቻት። ሴቶቹን ቀና ብላ ለማየት ግን ሳምንት ፈጀባት።