«እሱ» የተባለችው ትንኝ

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ የነበረን ቤተ ሙከራ ማለት የተከራየነው ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ግድግዳ ላይ የተለጠፉ የትንኝ ፎቶዎች ናቸው። ከየመንደሩ የሚመጡትን ትንኞች ከፎቶዎቹ ጋር እያስተያየሁ ዓይነታቸውን የምለየው እኔ ነበርኩ። የወባ ትንኝ የተገኘበት መንደር መድኃኒት ይረጭለታል፤ ያልተገኘበት ይቀራል። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ስለሆነች ወንዶቹን ለብቻ አስቀምጣለሁ እንጂ አልመረምራቸውም።

ትንኝ ከሚያመጡልን ሰዎች አንዱ የበርታ ገበሬ ነበሩ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ቀሚስ ለብሼ እያዩኝ «ዶክተር፣ አንተ ደህና ነህ?» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ደስ ስለሚለኝ ግን አላረምኳቸውም። «አንተ» ማለታቸውን ደግሞ በየቢሮው እየዞርኩ፣ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ ሰው አስቅበት ነበር። ያኔ ምላሴ አያርፍም።

አንድ ሐሙስ ለምሳ ልወጣ ስል ብልቃጦች ይዘው መጡ። «ሴት ልጄ ታመመ» አሉኝ። «የኛ ሰፈር መድኃኒት ይረጫል?»

«እስቲ መጀመሪያ ትንኙ ይታይ» አልኳቸው።

«እሱ ጠዋት ግድግዳ ላይ ነበር። እሱ ቂጡን ወደ ላይ አደረገ። እሱን በዚህ ያዝኩ።»

እሱ፣ እሱ፣ እሱ! እኔ ደግሞ ርቦኛል። ብልቃጦቹን ሳልከፍት ሁሉም ላይ «ወንድ» ብዬ ጻፍኩና ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። ቂጧን ወደ ላይ አንስታ የምታርፈው የወባ ትንኝ መሆኗን ለሰው የማስተምረው እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ጉድ እኮ ነው። የርጭቱ ዝርዝር ሲወጣ መንደራቸው የለበትም።

ከወር በኋላ ክፍሉን ሳጸዳ ካርቶኑን አገኘሁትና እስቲ ልያቸው አልኩ። የወንድ ትንኝ አንቴና እንደ ላባ የጎፈረ ነው፤ የእነዚህ ግን ሳሳ ያለ ነበር። ክንፋቸው ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ አለ። ሁሉም ሴት፣ ሁሉም የወባ። ረጪዎቹ መድኃኒቱን ይዘው ወደ ካማሺ ዞን ከሄዱ ሰንብተዋል። ለአለቃዬ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳምንት አለፈ።

እኔ ሳልናገር ሰውየው ራሳቸው መጡ። ልጃቸው ለሁለተኛ ጊዜ በወባ ወድቃለች። አለቃዬ ጠራኝና እሳቸው በቆሙበት «የእኚህ ሰው መንደር ለምን ቀረ?» አለኝ።

«ወንድ ናቸው ብለው ነው ያመጡልኝ» አልኩ።

እንዲህ አላሉም። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ግን እዚያው ላርመው እችል ነበር። ይሄን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል፣ ራሴን እጠላዋለሁ።

ሰውየው መሬት መሬት አዩ።

«ልክ ነው» አሉ። «አማርኛ ነው እኔ አልቻልኩም። ጥፋት የኔ ነው። ይቅርታ፣ ዶክተር።»

«ችግር የለም» አልኳቸው።