በፖስታ ከመጡት እንቁላሎች የተረፈው አንዱ

ዛሬ ጠዋት ከመፈልፈያ ማሽኑ ይሰማ የነበረው የጫጩት ድምፅ ጠፋ።

ወደ ኦስሎ በፖስታ ካስመጣኋቸው አሥራ ሁለት እንቁላሎች ሽል የያዘው እሱ ብቻ ነበር። ትናንት ቅርፊቱን ሰበር አድርጎ ሲጮህ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የማሽኑን ቴርሞሜትር ስላላመንኩት በየሰዓቱ ክዳኑን እየከፈትኩ በራሴ ለካሁ፤ በደብተርም መዘገብኩ። ጡረታ ብወጣም ፈተና መቆጣጠር አልለቀቀኝም።

እዚህ ሮምሶስ ሰፈር ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት፣ አስመራ ዶሮ ያረቡ የነበሩት አቶ ተስፋይ መጥተው ቅርፊቱን ገለጡት።

“መምህር፣ እርጥበቱ ወጥቶ የውስጡ ስስ ሽፋን ጫጩቱ ላይ ደርቆበታል። ዶሮ እንኳ ከእንቁላሏ በቀን አንዴ ነው የምትነሣው፤ እርስዎ በየሰዓቱ!”

ደብተሬ ላይ አንድም ሰዓት አልተዘለለም።

እናንተስ አብዝታችሁ በመጠንቀቅ ያጠፋችሁት ነገር አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ።